ስለ አረንጓዴው ጣረ ሞት አሻንጉሊት፥ ስለ አሠራሩና በቤት ስለሚኖረው ዋጋ

ልጆች የሚጫወቱበት ነገር የዘመናቸውን ጠባይ ይገልጻል። የጭቃ ላም የሚሠራ ልጅ የእረኛ ልጅ መሆኑ፥ ከእንጨት ጠመንጃ የሚጠርብም ስለ ጦርነት ሲወራ የሰማ መሆኑ ሳይጠየቅ ይታወቃል። በዛሬው ዘመን ግን በውጭ አገር ከሚሸጡት አሻንጉሊቶች አያሌዎቹ የሚገዙት ለልጆች ብቻ ሳይሆን ጢም ላወጡ ወንዶችና ቤት ላቆሙ ሴቶችም ጭምር ነው። ከነዚህም አንዱን ለዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን መርጠናል። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ያነሰ፥ መልኩ እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ፥ ሆዱ የተነፋ፥ እግር የሌለው፥ አፉም ፊቱን ሁሉ የሞላ ነው። ስሙ ስላይመር ይባላል፤ የተቀዳውም በአሜሪካ አገር በተሠራ አንድ የሲኒማ ፊልም ውስጥ ከሚታይ ጣረ ሞት ነው።

ጣረ ሞትን የሚያህል አስፈሪ ነገር እንዴት የልጅ መጫወቻና የትልቅ ሰው ጌጥ ሊሆን ቻለ? ከምንስ ተሠራ? ወደ ቤት በገባ ጊዜ ቤተ ሰቡ እንዴት አድርጎ ሊይዘው ይገባል? በነዚህ በሦስቱ ጥያቄዎች ላይ የምናውቀውን ለአንባቢዎቻችን በተራ እንገልጻለን። ዓመቶቹን የምንቆጥረው እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ1970ዎቹ ዓመታት በኒው ዮርክ ከተማ በቴሌቪዥን ሕዝብን ከሚያስቁ ተጫዋቾች መካከል ዳን አይክሮይድና ጆን ቤሉሺ የሚባሉ ሁለት ባልንጀሮች ነበሩ። ፍቅራቸው እጅግ የጸና ስለ ነበረ በ1980 «ዘ ብሉዝ ብራዘርስ» የተባለውን ፊልም እንደ ሁለት ወንድማማች ሆነው ተጫወቱት። ሚስተር አይክሮይድ ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ስለ ሙታን መናፍስት ብዙ በሚወራበት ቤት ያደገ ሰው ነበርና፥ ጣረ ሞቶችን እያሳደዱ የሚይዙ ሰዎችን ታሪክ ለሲኒማ መጻፍ ጀመረ። ከዋነኞቹም ተጫዋቾች የአንዱን ስፍራ ለወዳጁ ለቤሉሺ አስቦት ነበር። ዳሩ ግን ቤሉሺ በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት በማርች 5 ቀን 1982 በሎስ አንጀለስ ከተማ በ33 ዓመቱ ሞተ። ሚስተር አይክሮይድ ራሱ ኋላ እንደ ተናገረው፥ የወዳጁ መርዶ የደረሰው ለእርሱ የሚሆነውን ቃል በመጻፍ ላይ ሳለ ነበር።

ጽሑፉ ግን አልተጣለም። ሚስተር ሃሮልድ ሬሚስ ከደራሲው ጋራ ሆኖ አቃናው፤ የቤሉሺን ስፍራ ቢል መሪ የተባለ ተጫዋች ያዘው፤ ሚስተር አይቫን ራይትማንም ፊልሙን መርቶ በ1984 «ጎስትበስተርስ» ተብሎ ለሕዝብ ታየ። ትርጓሜው በእኛ ቋንቋ «ጣረ ሞት አሳዳጆች» እንደ ማለት ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ሰዎቹ በመጀመሪያ የሚይዙት ጣረ ሞት በአንድ ታላቅ ሆቴል መተላለፊያ ከምግብ ጋሪ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሲያግበሰብስ የሚገኘው ይህ አረንጓዴ ሆዳም ነው። በሰው ላይ ሲያልፍም ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ እየቀባ ይሄዳል እንጂ ሌላ ጉዳት አያደርስም።

ይህ ሆዳምነቱ ያለ ምክንያት የተሰጠው አይደለም። ቤሉሺ በ1978 በወጣው «አኒማል ሃውስ» በተባለው ፊልም የምግብ ሳሕን አይቶ የማያልፍ ተማሪ ሆኖ ተጫውቶ እጅግ የተመሰገነ ነበረ፤ ከዚያም ፊልም አሠሪዎች አንዱ ያው ሚስተር ራይትማን ነው። ስለዚህ አረንጓዴውን ጣረ ሞት ሲያበጁ የሞተ ወዳጃቸውን ያስቡ ነበር፤ ሚስተር አይክሮይድም የቤሉሺ መንፈስ ነው እያለ ይናገር ነበር። በእኛ አገር ለሞተ ወዳጅ ተዝካር አውጥቶ ድኻ ማብላት ልማድ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ወዳጃቸውን ራሱን በማዕድ ላይ አስቀምጠው፥ በልቶ የማይጠግብ፥ ሰውን የማያስለቅስ፥ ይልቁንም የሚያስቅ አድርገው አሰቡት። ልማዱ የተለያየ ቢሆንም ሐዘን ያው ሐዘን ነው። እንግዲህ በመደብር መስኮት የሚታየው ትንሽ አሻንጉሊት በሥሩ የአንድ ሰው ለቅሶ እንዳለበት ማወቅ ይገባል።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። በ1984 የጣረ ሞቱ አካል የተበጀው ሚስተር ሪቻርድ ኤድለንድ በሚመራው ቦስ ፊልም በተባለ የሥራ ቤት ነው። ቅርጹን ያወጣው ሚስተር ስቲቭ ጆንሰን የሚባል ወጣት ቅርጽ ሠሪ ነበር። ፊቱ ትንሽ ቤሉሺን ይምሰል እየተባለ ብዙ ጊዜ እንዲለውጠው መታዘዙን እርሱ ራሱ ተናግሯል። ቅርጹ ሲያልቅ እንደ ስፖንጅ በሚለሰልስ ጎማ ተገለበጠ፤ ማርክ ብራያን ዊልሰን የተባለ ሠራተኛ በውስጡ ገብቶ እጆቹን እያወዛወዘ ሲጫወት፥ ሌሎች ሠራተኞች ከውጭ ሆነው የፊቱን እንቅስቃሴ በሽቦ ይስቡ ነበር።

ጣረ ሞቱ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ፥ በአካሉም በኩል ከበስተኋላው ያለው ነገር የሚታይ መስሎ መገኘት ነበረበት። ለዚህም ያገኙት ብልሃት የሚደነቅ ነው። አሻንጉሊቱን በጥቁር መጋረጃ ፊት አቁመው ፎቶግራፉን አነሡ፤ ጥቁር ነገር በፊልም ላይ ብርሃን ስለማይተው አረንጓዴው አካል ብቻ ተቀርጾ ቀረ። ከዚያም ይህን ፊልም ከሆቴሉ ፊልም ጋራ በአንድ ላይ ባተሙት ጊዜ፥ ሥጋ የሌለው ብርሃን የመሰለ ነገር በመተላለፊያው ሲበር ታየ። በአዳራሹ መብራት ዙሪያ በሩቅ ሲሽከረከር ለሚታይበት ክፍል ደግሞ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች አንዲት የለውዝ ፍሬ እንደ ተጠቀሙ በሥራው ላይ ከነበሩት ሰዎች ተነግሯል። ሕዝብ በሲኒማ አዳራሽ ተቀምጦ የደነገጠው ከለውዝ ነው ማለት ነው! ይህን ያህል ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ሊፈጽመው ባልቻለም ነበር፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በፊልሙ ውስጥ ለዚህ ጣረ ሞት የተሰጠ ስም አልነበረም፤ ሠራተኞቹ ግን በመጥፎ ሽታው ምክንያት «ሽንኩርት ራስ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ስላይመር የሚለው ስም የጸናው በ1986 ፊልሙ ለልጆች በሥዕል ተሠርቶ በቴሌቪዥን መታየት በጀመረ ጊዜ ነው፤ ትርጓሜውም ዝልግልጉ እንደ ማለት ነው። በዚያም ሥዕል ውስጥ የአሳዳጆቹ ወዳጅ ሆኖ በቤታቸው ተቀመጠ፤ ልጆችም እጅግ ስለ ወደዱት በ1988 ስሙ ከሥዕሉ ስም ፊት ተጨምሮ ተጻፈ። ኬነር የተባለውም ኩባንያ በዚያው ዘመን አሻንጉሊቶቹን እየሠራ ይሸጥ ነበር። እንግዲህ ጣረ ሞቱ ከሚታደን አውሬነት ተነሥቶ በአራት ዓመት ውስጥ የቤት ልጅ ሆነ።

የእንዲህ ያሉ አሻንጉሊቶች ሥጋ ቪኒል የሚባለው ነገር ነው። መሠረቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ጨው፥ ሁለተኛው ከምድር የሚወጣ ዘይት ወይም ጋዝ ነው። ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ከጨው የሚገኘው ክሎሪን ነው። በ1872 አይገን ባውማን የተባለ የጀርመን ሊቅ በፀሐይ ብርሃን በተቀመጠ ጠርሙስ ውስጥ ነጭ ጠጣር ነገር ተፈጥሮ አየ፤ ዳሩ ግን ደረቅና ተሰባሪ ስለ ነበረ ለረጅም ጊዜ ለምንም ሥራ አልዋለም። በ1926 ዋልዶ ሴመን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ጎማን ከብረት ጋራ የሚያጣብቅ ነገር ሲፈልግ፥ ይህን ጠጣር ነገር በሚያለሰልስ ፈሳሽ አሙቆ እንደ ጎማ የሚለመጥ አደረገው። የፈለገውን ሳያገኝ ያልፈለገውንና የሚበልጠውን አገኘ። በጃፓን አገርም ቀድሞ አሻንጉሊት ይሠራበት የነበረው ሴሉሎይድ በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ስለ ነበረ፥ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቪኒል እየተተካ ሄደ። በ1966 ማሩሳን የተባለው ቤት ጎድዚላ የተባለውን የሲኒማ አውሬ ከለስላሳ ቪኒል ሠርቶ ሸጠ፤ የሲኒማ ፍጥረት በቪኒል ተቀርጾ በእጅ የሚያዝበት ልማድ ከዚያ ወዲህ እየሰፋ መጣ።

አሠራሩን ያየ ሰው የአገራችንን የወርቅ ሠሪዎች ሥራ ሳያስታውስ አይቀርም። ቅርጽ ሠሪው መጀመሪያ በጭቃ፥ ዛሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ በኮምፒዩተር፥ ምሳሌውን ያበጃል። ከምሳሌው የሰም ቅጂ ይወጣል። ሰሙ የብር ዱቄት ከተቀባ በኋላ መዳብ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ተሰቅሎ የኤሌክትሪክ ኀይል ይለቀቅበታል፤ መዳቡም ብዙ ቀን እየቆየ በሰሙ ላይ ይጋገራል። ከዚያ በኋላ ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፥ መዳቡ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ባዶ ውስጥ እንደ ወፍራም ወተት ያለ የቪኒል ፈሳሽ ተጨምሮ ከ150 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ሙቀቱ መጀመሪያ የሚያገኘው በመዳቡ ግድግዳ ያለውን ስለ ሆነ በዚያ በኩል እንደ ቆዳ ይረጋል፤ በመካከል ያልረጋው ተመልሶ ይደፋል። አሻንጉሊቱ ውስጡ ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ገና ሳይቀዘቅዝም ሠራተኛው በፒንሳ ይዞ በጠባቡ ቀዳዳ በኩል ይስበዋል፤ ለስላሳ ስለ ሆነ ተጨማድዶ ይወጣና ወዲያው ወደ ቅርጹ ይመለሳል። በትልልቅ ፋብሪካዎች ደግሞ ቅርጽ ማውጫው ተዘግቶ በምድጃ ውስጥ እየተሽከረከረ ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

ቀጥሎ የቀለም ሥራ ነው። ዓይንና ጥርስ የሚቀባበት ስፍራ ብቻ የተከፈተ ጭንብል በአሻንጉሊቱ ፊት ላይ ይገጠማል፤ ቀለሙም በቀጭን ነፋስ ይረጫል። ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ጭንብል ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ በቻይናና በቪዬትናም ፋብሪካዎች ያሉ ወንዶችና ሴቶች ናቸው፤ በሳጥኑ ላይ የኩባንያው ስም በትልቁ ሲጻፍ የእነርሱ ስም ግን አይጻፍም። ዕቃ በእጃችን በያዝን ጊዜ ሁሉ የማናውቃቸውን የሠሪዎቹን እጅ ማሰብ የጨዋ ሰው ጠባይ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ትልልቆቹ ሰዎች ይመጣል። ፈንኮ የተባለው ኩባንያ በ1998 በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ተቋቋመ፤ በ2010 ራሳቸው ትልቅ፥ አካላቸው ትንሽ የሆኑትን «ፖፕ» የተባሉ የቪኒል አሻንጉሊቶች ማውጣት ጀመረ። በ2014 የጎስትበስተርስ ሰዎች ሲወጡ ስላይመርም ከነርሱ ጋራ ወጣ። በ1984 ልጅ የነበረ ሰው በዚህ ጊዜ የልጆች አባት ሆኗል፤ አሻንጉሊቱንም የሚገዛው የልጅነቱን ቀን በእጁ ለመያዝ ነው። በዚህ ነውር የለበትም፤ ትዝታ ያለው ሰው ልብ ያለው ሰው ነውና።

ነውሩ የሚጀምረው ዕቃው ከትዝታነት ወደ ንግድ ተስፋ ሲለወጥ ነው። ብዙ ሰዎች አሻንጉሊቱን ከሳጥኑ አያወጡትም፤ ሳጥኑ ሳይከፈት ከቆየ ነገ በብዙ እጥፍ ይሸጣል ብለው ያምናሉ። ጥቂቶቹ በእርግጥ ይሸጣሉ፤ ዳሩ ግን አንድ ነገር የሚወደደው ጥቂት ሲሆን ነው፥ ሁሉ ያስቀመጠው ነገር ደግሞ ጥቂት ሊሆን አይችልም። ማስረጃውን ኩባንያው ራሱ ሰጥቷል። በማርች 2023 ፈንኮ በመጋዘኑ የተከማቸው ዕቃ ከቦታው ስለ በዛ፥ ማስቀመጫውም ተጨማሪ ወጪ ስላስከተለ፥ ከ30 እስከ 36 ሚሊዮን ዶላር የሚገመተውን ሊያስወግድ ማሰቡን አስታወቀ። ሠሪው ራሱ ሊጥለው የወሰነውን ዓይነት ዕቃ እንደ ወርቅ ቆልፎ ማስቀመጥ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚያሰኝ ነው።

በፍርድ ቤት ብዕር ይዘን የምንውል እንደ መሆናችን፥ ከዚህ የበለጠ ያሳሰበን ሌላ ነገር አለ። በኖቬምበር 1999 በአሜሪካ በላስ ቬጋስ ከተማ ባልና ሚስት ተፋትተው ንብረታቸውን ሲካፈሉ፥ «ቢኒ ቤቢስ» የተባሉትን በዚያ ዘመን እጅግ ይፈለጉ የነበሩትን የጨርቅ አሻንጉሊቶች መከፋፈል አቃታቸው። ዳኛውም አሻንጉሊቶቹ ሁሉ ወደ ችሎቱ እንዲመጡ አዘዘ፤ ሁለቱ ጎልማሶች በችሎቱ ወለል ላይ ቁጢጥ ብለው በሕዝብ ፊት አንድ በአንድ እየመረጡ ተካፈሉ። ፎቶግራፉ በዓለም ጋዜጦች ታትሟል። የዚያ ዓይነት አሻንጉሊት ዋጋ ብዙ ሳይቆይ ወረደ። በንብረት ክርክር መዝገብ ላይ ስማቸው የተጻፈ ዕቃዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ሙግቱ ስለ ዕቃው መስሎ ይታያል እንጂ ብዙ ጊዜ ስለ ተጎዳ ልብ ነው። ልብ በጊዜው ቢነጋገር ኖሮ ብዙው መዝገብ ባልተከፈተ ነበር።

እንግዲህ ቤተ ሰብ እንዲህ ያለ አሻንጉሊት ያገኘ እንደ ሆነ ምን ያድርግ? የሚመስለንን እንናገራለን።

በመጀመሪያ፥ ልጁ ጣረ ሞት ነው ብሎ የፈራ እንደ ሆነ አትሣቁበት፥ አትቆጡትም። አንዳንድ ወላጆችም ራሳቸው እንዲህ ያለ ምስል ወደ ቤት ክፉ መንፈስ ያስገባል ብለው ይሠጋሉ። ለሁለቱም መድኀኒቱ አንድ ነው፤ አሠራሩን መንገር። ጨውና ዘይት መሆኑን፥ ውስጡ ባዶ መሆኑን፥ በሲኒማው ውስጥም ሰው በጎማ ልብስ ገብቶ እንደ ተጫወተው፥ አንዳንድ ጊዜም ለውዝ እንደ ነበረ ብትነግሩት ልጁ ከፍርሃት ወደ መጠየቅ ያልፋል። የሚጠይቅ ልጅ ደግሞ ግማሹን ትምህርት ጀምሯል።

ሁለተኛ፥ የትልቅ ሰው ጌጥና የሕፃን መጫወቻ አንድ አይደለም። ቪኒልን ከሚያለሰልሱት ፈሳሾች አንዳንዶቹ ለሕፃናት ጤና የሚያሠጉ ስለ ሆኑ፥ በ2005 የኤውሮጳ ኅብረት፥ በ2008 ደግሞ አሜሪካ በልጆች መጫወቻ ውስጥ ከ1,000 እጅ አንድ እጅ እንዳይበልጡ በሕግ ወስነዋል። ማን እንደ ሠራው ያልታወቀ፥ ሽታው የሚከብድ አሻንጉሊት ለሕፃን ሊሰጥ አይገባም። ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ያኝካልና እንዲህ ያለው ከእርሱ ይራቅ፤ ተነቅሎ ሊዋጥ የሚችል ትንሽ ክፍል ያለው ከሆነም ይልቁን መጠንቀቅ ያሻል። በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ ማንበብ አይዘንጋ።

ሦስተኛ፥ ቪኒል ፀሐይና ሙቀት ጠላቶቹ ናቸው። በመስኮት አጠገብ ወይም በምድጃ ዳር ቢቀመጥ ቀለሙ ይደበዝዛል፥ ገላውም እየተጣበቀ ይሄዳል፤ የሚያለሰልሰው ፈሳሽ እየወጣ ነውና። አቧራውን ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ ይበቃል፤ ቤንዚንና አልኮል ግን ቀለሙን ያጠፋሉ።

አራተኛ፥ ለጌጥ የሚወጣው ገንዘብ ከልጅ መጽሐፍና ከቤት ቀለብ በኋላ የሚቆጠር ይሁን። አንድ አሻንጉሊት በ12 ዶላር ቢገዛ ብዙ አይባል ይሆናል፤ በወር አንድ ሲሆን ግን በዓመቱ 144 ዶላር ነው። ባልም ሆነ ሚስት ይህን ወጪ ለሌላው ሳይደብቁ ቢያስታውቁ፥ ከአሻንጉሊቱ የሚበልጥ ነገር በቤታቸው ይጠበቃል።

አምስተኛና መጨረሻ፥ ሳጥኑ ይከፈት። ሚስተር አይክሮይድና ወዳጆቹ የሞተ ባልንጀራቸውን ሣቅ አድርገው ለሕዝብ ሁሉ ሰጡት እንጂ ቆልፈው አላስቀመጡትም። ስለ ተወደደ የተሠራ ነገር በእጅ ሲያዝና ታሪኩ ሲነገር ይኖራል፤ በታሸገ ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ግን ጣረ ሞት የሚለው ስም ያን ጊዜ በእውነት ይገባዋል። አባት በማታ ልጁን በጉልበቱ አስቀምጦ፥ «ይህ ሆዳም ማን እንደ ነበረ ታውቃለህን?» ብሎ ቢጀምርለት፥ ልጁ ስለ ወዳጅነት፥ ስለ ሞትና ስለ እጅ ሥራ በአንድ ማታ የሚማረው የገበያ ዋጋ ከሚጨምርለት እጅግ ይበልጣል። ለአንባቢዎቻችንም ይህን ዓይነት ማታ እንመኛለን።